የአሶሳ መንገድና የመብራት ጥቅሻ

በአገራችን ምዕራብ፣ ከሱዳን ወሰን ባልራቀ ስፍራ፣ የአሶሳ ከተማ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልም ርእሰ ከተማ ናት። በክልሉ ውስጥ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች፣ ከእነርሱም ጋር ከሌላው የአገራችን ክፍል የመጡ ብዙ ወገኖች አብረው ይኖራሉ። ስለዚህች አገር ሲነሣ የሰው አሳብ ወዲያው ወደ ወርቋ፣ ወደ ቀርቀሃዋና ወደ ማንጎዋ ይሄዳል፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ በጉባ ወደ ተሠራው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይዞራል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ወደ እርስዋ የሚወስደውን መንገድ፣ ይልቁንም በመንገዱ ላይ ያየነውን አንድ ልማድ ነው። ልማዱ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሲመረምሩት ግን የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነው።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በአምቦ፣ በባኮና በነቀምቴ ያልፋል፤ ከዚያም በጊምቢ፣ በመከናጆ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ ወደ ባምባሲ ይደርሳል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በደረሰው ሁከት ምክንያት ይህ መንገድ በየጊዜው እየተቋረጠ፣ ተጓዡ አንድ ጊዜ በአይሮፕላን፣ አንድ ጊዜም በዙሪያ መንገድ ሲንከራተት ኖሯል። ስለዚህ ሰው በየብስ ወደ ዘመዱ ሲሄድ ማየት ራሱ ደስ የሚያሰኝ ነው። እኛም በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ከመናኸሪያ ተነሣን። በአውቶቡሱ ውስጥ ለበዓል መጥተው የሚመለሱ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ አንዲት አረጋዊት እናት፣ ደግሞም ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሰ አንድ ጐልማሳ ነበሩ። ከነጂው በላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ መንገዱን በካርታ የሚያሳይ የእጅ ስልክ በመያዣው ላይ ቆሟል።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ዐፄ ምኒልክ ያሠሩት የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ሲታሰብ ተጓዡ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ እያለ አማተበ። ጥቂት እንደ ሄድን ከፊታችን የሚመጣ የጭነት መኪና የፊት መብራቱን ሁለት ጊዜ ቦግ እልም አደረገ። ነጂያችን ወዲያው እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ፤ ረዳቱም ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!» አለ። በመተላለፊያው በትንንሽ በርጩማ ተቀምጠው የነበሩ አራት ሰዎች አንገታቸውን ቀብረው አጐነበሱ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አንድ የትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት መለኪያውን ይዞ ቆሞ አየነው። አውቶቡሳችን ሙሽራ እንደ ጫነች በቅሎ ቀስ ብሎ፣ በሥነ ሥርዐት አለፈ። ፖሊሱ ከዐይናችን እንደ ተሰወረ ረዳቱ፣ «በሉ ቀና በሉ» አለ፤ አውቶቡሱም እንደ ቀድሞው ይከንፍ ጀመር።

ይህን የመብራት ጥቅሻ የማያውቅ ነጂ በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። ትርጓሜውም፣ «ወንድሜ፣ ከፊትህ ትራፊክ አለ፤ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ነጂዎቹ አይተዋወቁም፤ ስም ለስም አይጠራሩም፤ ዳግመኛም ላይገናኙ ይችላሉ። ቢሆንም አንዱ ለሌላው ያዝናል፤ ነግ በእኔ ይላል። በዚህ በኩል ሲታይ ጥቅሻው የወንድማማችነት ምልክት ይመስላል። ነገር ግን የአገራችን ነጂ ከዚህ የቀደመ ሌላ ምልክትም አለው። መኪናው በመንገድ ላይ የተበላሸበት ሰው ቅጠል ቈርጦ ከመኪናው ኋላና ፊት በአስፋልቱ ላይ ይጥላል፤ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ቅጠሉን አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቅጠሉ የሰውን ሕይወት ያድናል። ጥቅሻው ግን የሚያድነው ምንድን ነው? በመንገዳችን ሁሉ ይህን ስናሰላስል ሄድን።

አምቦ ላይ ለቁርስ በወረድን ጊዜ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሰውን ጐልማሳ ስለዚሁ ነገር ጠየቅነው፤ በጅዳ ከተማ ለስድስት ዓመት መኪና ሲነዳ የኖረ ነውና።

«እዚያ የመብራት ጥቅሻ ብዙ አይጠቅምም» አለን። «ሳሂር የሚባል የካሜራ ሥርዐት አለ። ሳሂር ማለት በዐረብኛ እንቅልፍ የሌለው፣ ተግቶ የሚያድር ማለት ነው። ሌሊት አይተኛም፤ አይለመንም፤ ቅጣቱ በስልክ ይመጣል።»

«ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ?» አልነው።

«የካሜራውን ስፍራ አስቀድሞ የሚናገር ፕሮግራም በስልኩ ላይ ጫነ። ስልኩ ሲጮኽ ይቀንሳል፤ ሲያልፈው ይጨምራል። እኔም እንደዚያው ነበርሁ።» ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አብሮኝ ይኖር የነበረው ያገሬ ልጅ የሞተው ግን ካሜራ ባለበት ስፍራ አይደለም፤ በሁለት ካሜራ መካከል ነው» አለ። ሻዩንም ሳይጨርስ ተነሣ።

የእነዚህ መሣሪያዎች አሠራር ምን እንደሚመስል በአጭሩ ብናስረዳ መልካም ይሆናል፤ የውጭ አገሩንም ዘመን በእነርሱው አቆጣጠር እንጽፋለን። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ጩኸቱ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። የዚህን ምክንያት የኦስትሪያው ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ገልጦ ጽፏል። ራዳርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የማይታይ ሞገድ ወደ መኪናው ይልካል፤ ሞገዱ ከመኪናው ነጥሮ ሲመለስ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ይሰላና የመኪናው ፍጥነት በቁጥር ይታያል። ይህን ሞገድ ከሩቅ ሰምቶ ለነጂው የሚጮኽለት መሣሪያ ደግሞ የራዳር ጠቋሚ ይባላል። በኋላ ፖሊሶች በሌዘር ጨረር መለካት ጀመሩ፤ ጨረሩ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ጠቋሚው በሚጮኽበት ጊዜ ልኩ ተወስዶ አልቋል። በእጅ ስልክ ላይ የሚሠራው ማስጠንቀቂያ ግን ሞገድን አይሰማም። መኪናው ያለበትን ስፍራ በጂፒኤስ ሳተላይቶች አማካይነት ያውቃል፤ ይህንንም ሌሎች ነጂዎች፣ «እዚህ ካሜራ አለ፤ እዚያ ፖሊስ ቆሟል» ብለው ካስመዘገቡት ጋር ያስተያያል። በእስራኤል አገር ተሠርቶ በ2013 ጉግል የገዛው ዌዝ የሚባለው ፕሮግራም በዚህ የታወቀ ነው። እንግዲህ ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ያው የጭነት መኪናው ጥቅሻ ነው፤ የተለወጠው መብራቱ ብቻ ነው።

የፍጥነት ካሜራን ያስገኘው ሰው ታሪክም የሚያስገርም ነው። ሞሪስ ጋትሶኒደስ የተባለ የሆላንድ ሰው በመኪና እሽቅድምድም ስመ ጥር ነበር፤ በ1953 የሞንቴ ካርሎን ውድድር አሸንፏል። መሣሪያውን በመጀመሪያ የሠራው ማንንም ለመቅጣት አልነበረም። በመታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ከዚያ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር። በ1958 ግን ኩባንያ አቋቁሞ መሣሪያውን ለፖሊሶች ያቀርብ ጀመር። ለችኰላ የተሠራው ነገር የችኰላ ዘበኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

መንግሥታት ስለ ጠቋሚው ያወጡት ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። ፈረንሳይ በ2003 ካሜራዎችን በየመንገዱ ማቆም ጀመረች፤ ጠቋሚ መሣሪያ የተገኘበትንም ሰው ትቀጣለች፤ መሣሪያውንም ትወርሳለች። በ2002 በፈረንሳይ መንገዶች ላይ የሞቱት ሰዎች ከ7 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በ2010 ግን ከ4 ሺህ በታች ሆነዋል። ይህ ሁሉ የካሜራ ሥራ ነው አይባልም፤ በመጠጥና በመቀመጫ ቀበቶ ላይ የተደረገው ቁጥጥርም ድርሻ አለው። ጀርመንና ስዊስም ነጂው በማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዳይገለገል ይከለክላሉ። በአሜሪካ ግን ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ጠቋሚውን ሲከለክሉ፣ አብዛኞቹ ግዛቶች በቤት መኪና ላይ ይፈቅዱታል። በሚዙሪ ግዛት በ2014 አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ መብራት ብልጭ አድርጎ ስለ ፖሊስ ያስጠነቀቀ ነጂ ሊቀጣ አይገባውም፤ አሳብን የመግለጽ መብት ነው ብሎ አዟል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ሁለት ካሜራ አራርቆ ማቆም ተለምዷል። መኪናው ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ይሰላል፤ በካሜራው ፊት ብቻ ጨዋ መሆንም ለነጂው አይረባውም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአሶሳ መንገድ ላይ በምሰሶ የቆመ ካሜራ አላየንም፤ ያየነው ፖሊስ በእጁ የሚይዘውን ራዳር ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣውና በ2009 ዓ.ም. የተሻሻለው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ጥፋት በነጥብ እየተመዘገበ የመንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ እንዲደርስ አድርጓል። ከዚያም በኋላ በሕዝብና በጭነት መኪናዎች ላይ የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ እንዲገጠም መመሪያ ወጥቷል። የሽቦውን ጫፍ እየፈቱ መገደቢያውን የሚያታልሉ እንዳሉ ግን ነጂዎቹ ራሳቸው አይሸሽጉም። ስለዚህ በሌላው ዓለም ጂፒኤስ ከተቆጣጣሪ ለማምለጥ ሲያገለግል፣ በእኛ አገር ለመቆጣጠር ተገጥሞ ሳለ ከእርሱ ለማምለጥ ብልሃት ይፈለግለታል።

በነቀምቴ አድረን በማግሥቱ ወደ ዴዴሳ ወረድን። የዴዴሳ ሸለቆ ሙቀቱ ከፍተኛ፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው፤ ቍልቍለቱን ስንወርድ የፍሬን ሽታ ይሰማ ነበር። ወንዙን ተሻግረን ወደ ጊምቢ ስንወጣ የቡናው ተክል በጥላው ሥር ታየን። በመከናጆ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ቀኙ በነጆና በመንዲ አድርጎ ወደ አሶሳ ይሄዳል። ከመንዲ በኋላ የዳቡስን ወንዝ ተሻገርን። ዳቡስ የዓባይ ገባር ነው፤ ወርቁም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከዚህ ወዲያ አገሩ ይለወጣል፤ ቀርቀሃው በየኰረብታው ላይ ይበዛል፤ በየመንደሩም የማንጎ ዛፍ ሰፊ ጥላውን ዘርግቶ ይቆማል።

ባምባሲን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን እንደ ልማዱ ከፊታችን የመጣ አይሱዙ ጠቀሰን። ነጂያችን ቀነሰ፤ ትርፎቹም አጐነበሱ። ፖሊሱ የቆመው ግራና ቀኙ በሚታይ ሜዳ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ስፍራ ነበር። ለነጂያችንም እጁን አነሣለት። ካለፍነው በኋላ አውቶቡሱ የጠፋበትን ደቂቃ ለማካካስ ይመስል ከቀድሞው ይልቅ ፈጠነ። አንዲት ትንሽ ኰረብታ ወጥተን ቍልቍል ስንል፣ በመታጠፊያው ላይ ሦስት ሴቶች በመንገዱ ዳር ተከታትለው ሲሄዱ ድንገት ፊት ለፊት ገጠሙን።

በዚህ ክልል በብዙ ስፍራ ሴቶች ሸክማቸውን የሚይዙት በጀርባቸው አይደለም። ረዥም እንጨት በትከሻቸው ላይ ያጋድማሉ፤ በእንጨቱም ጫፍና ጫፍ ሸክሙን እንደ ሚዛን ያንጠለጥላሉ። ስለዚህ በመንገድ ዳር የምትሄድ ሴት እርስዋ ዳር ብትይዝም የእንጨቷ ጫፍ አልፎ አልፎ ወደ አስፋልቱ ይገባል። ነጂያችን ጡሩንባውን ነፍቶ ፍሬኑን ያዘ፤ አውቶቡሱም እየተንሸራተተ ወደ ግራ ሸሸ። ሁለቱ ሴቶች ወደ ቦዩ ዘለሉ። ሦስተኛይቱ ገና ልጅ ነበረች፤ ወደ ኋላዋ ዞራ ስታይ የእንጨቷ ጫፍ ከአውቶቡሱ ጐን ጋር ተነካካ፤ ቢጫው የውኃ ጀሪካን በአስፋልቱ ላይ ተንከባለለ፤ ልጅቱም በጕልበቷ ወደቀች። አውቶቡሱ ሲቆም በውስጡ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ወርደን ስናይ እግዚአብሔር ጠብቋታል፤ ጕልበቷ ከመላላጡ በቀር ሌላ ጕዳት አላገኛትም። ነጂው እጁ እየተንቀጠቀጠ ጀሪካኑን አነሣላት፤ ውኃውም ሁሉ ፈስሶ ነበር። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ የተሰበረውን እንጨቷን ብቻ ትመለከት ነበር።

እንደ ገና ስንነሣ ለጊዜው የተናገረ የለም። በመጨረሻ አረጋዊቷ እናት ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ ያ መኪና መብራቱን ያበራልህ ስለ ማን ነው?» አሉት።

«ስለ ትራፊኩ ነው፣ እማማ።»

«ስለዚህች ልጅስ ያበራልህ አለ?»

ነጂው ወዲያው አልመለሰም። ትንሽ ቆይቶ፣ «የለም፣ እማማ። እውነትዎን ነው» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛም ግን የሚያስጨንቀን ነገር አለ። ባለንብረቱ በሰዓቱ ግባ ይለናል። ቅጣቱ የሚቈረጠው ከእኛ ደመወዝ ነው። አንዳንዱ ትራፊክም የሚቆመው አደጋ ካለበት ሳይሆን ማየት ከሚመቸው ስፍራ ነው፤ ዛሬ እንዳያችሁት» አለ። ይህ ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ግን የጥድፊያውን ትርፍ በቁጥር እንመልከት። ከባምባሲ እስከ አሶሳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ይህን በ45 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ በ90 የሚሄደው በ30 ደቂቃ ይደርሳል። ትርፉ 15 ደቂቃ ነው፤ ይህም ለአንዲት አቦል ቡና እንኳ አይበቃም። ኪሳራውስ? በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ያልፋል፤ በ90 የሚሄደው 25 ሜትር ያልፋል። ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ በፈጣኑ መኪና ውስጥ ያለው ነጂ ፍሬኑን ገና ሳይነካ ስምንት ሜትር ተጨማሪ መንገድ ሄዷል። ስምንት ሜትር ማለት የሦስቱ ሴቶች ሰልፍ ርዝመት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው የመኪናዎች አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ እጅ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በመቶ አራት እጅ ያህል ይጨምራል፤ እግረኛን የገጨ መኪና ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ከፍ ቢል እግረኛው የመሞቱ ነገር ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። በዓለም ላይ በ2021 ብቻ በመንገድ አደጋ የሞቱት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ናቸው። በአገራችንም በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በመንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው።

ከተቆጣጣሪ መሸሽ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር። የከበደው ሰው ዕቃውን በሌሊት ጭኖ፣ በጫካ መንገድ ኬላውን ዙሮ ያልፍ ነበር፤ ይህንም ያደረገ ሰው በዘመዶቹ መካከል እንደ ብልህ ይወራለት ነበር። የቤኒሻንጉል ወርቅም ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደዚህ አገር ከዘመቱ በኋላ፣ የአሶሳው ገዥ ሼክ ሆጀሌ በነበሩበት ዘመን ጭምር፣ በግብርና በንግድ ወደ መካከሉ አገር ሲሄድ የኖረ ነው፤ የኬላን ነገር ይህ አገር አሳምሮ ያውቀዋል። የዛሬውም ነጂ ትራፊኩን የሚያየው በዚያው በኬላ ዐይን ይመስለናል። ኬላ ዙሮ ያለፈ ሰው ያጐደለው ብር ነበር። ራዳሩ የቆመው ግን ስለ ብር አይደለም፤ ስለ እግረኛው ነው። ኬላ ያመለጠ ነጋዴ የመንግሥትን ገንዘብ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ራዳር ያመለጠ ነጂ ግን የሚይዘው የሌላ ሰው ዕድሜ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ማየታችን ዋናው ስሕተት ነው።

አሶሳ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከተማዋ በዛፍ የተሸፈነች፣ አየሯም ሲመሽ ደስ የሚል ነው። በገበያዋ በርታዎች፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ወገኖችና ልጆቻቸው፣ የኦሮሞና የጉራጌ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ይገዛሉ። በአንድ ወገን የመስጊዱ ጥሪ፣ በአንድ ወገን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል፤ ጐረቤት ከጐረቤቱ ቡና ይጠራራል። የማንጎው ወራት ስለ ነበረ ልጆች በሳህን ሞልተው በመንገድ ዳር ይሸጡ ነበር። ከከተማዋ ወደ ኩርሙክና ወደ ጉባ የሚሄዱ መንገዶች አሉ። በጉባ የሕዳሴው ግድብ ሥራ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. አንሥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀ ድረስ ከዐሥራ አራት ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ ከባድ መኪናዎች በክልሉ መንገዶች ሲመላለሱ ኖረዋል። አስፋልቱ የመጣው ግን እግረኛው ይሄድበት በነበረው መንገድ ላይ ነው። ለእርሱ የተለየ መንገድ አልተሠራለትም፤ ከብቱን የሚነዳው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሁሉ በዚያው በጠባቡ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ አገር ፍጥነት መቀነስ ለእግረኛ ደግነት ማድረግ አይደለም፤ በፊት የእርሱ የነበረውን መንገድ ከእርሱ ጋር መካፈል ነው።

አሁን ወደ ነጂው ክርክር እንመለስ። የትራፊክ ፖሊስ አደጋ በሚበዛበት በመታጠፊያው፣ በመንደሩና በትምህርት ቤቱ አጠገብ ቢቆም፣ ቢሸሸግም ሳይሆን ቢታይ፣ ጥቅሻው ራሱ በጐ ሥራ በሠራ ነበር። ነጂዎች እርስ በርሳቸው ሲጠቃቀሱ ሁሉም በአደገኛው ስፍራ ይቀንሳሉና። ፈረንሳዮች ከ2012 ወዲህ በስልክ ለሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የካሜራው ትክክለኛ ስፍራ ሳይሆን፣ «አደገኛ ክልል» የሚል ሰፋ ያለ ምልክት ብቻ እንዲነገር ያደረጉት በዚህ አሳብ ነው። ባለንብረቶችም ከነጂው የማይቻል ሰዓት ባይጠይቁ፣ ትርፍ ጫን ባይሉት፣ የነጂው ሸክም ይቀልለታል። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በመሪው ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ መከመር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የእኛ የተሳፋሪዎቹ ድርሻ ይቀራል። ረዳቱ «ዝቅ በሉ» ሲል ያጐነበሰው ማን ነው? ተሳፋሪው ነው። ነጂው ፖሊሱን ሲሸውድ ፈገግ ያለው ማን ነው? ያው ተሳፋሪው ነው። እናትና አባት በመተላለፊያው ላይ አንገታቸውን ሲቀብሩ ከጐናቸው የተቀመጠው ሕፃን አንድ ትምህርት ይማራል፤ ሕግ የሚከበረው ጠባቂው እስኪያልፍ ድረስ ነው የሚለውን ነው። ይህን ትምህርት በመንገድ ላይ የተማረ ልጅ በፈተና ክፍል፣ በሥራ ቤትና በትዳሩም ውስጥ ይሠራበታል። ከመስታወቱ በላይ የቅዱሱን ሥዕል ሰቅለን፣ ከሥሩ የፖሊሱን ስፍራ የሚናገር ስልክ ስናቆም፣ የትኛው ዐይን እንዳስፈራን ራሳችንን ብንጠይቅ ይገባናል።

ስለዚህ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ሁሉ የምንመክረው ጥቂት ነው። ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ወይም በታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ መኪና ስንኰናተር ከዋጋው ጋር ፍጥነቱንም እንነጋገር። ወንበር የሌለው መኪና ላይ አንሳፈር፤ የግድ ሆኖ ብንሳፈር እንኳ አናጐንብስ። ነጂው ሲፈጥን በቍጣ ሳይሆን፣ «ወንድሜ፣ አንቸኩልም፤ በሰላም አድርሰን» እንበለው፤ አንድ ተሳፋሪ ደፍሮ ሲናገር ሌሎቹ ይከተላሉ። በሰላም ሲያደርሰንም አመስግነነው እንውረድ። ነጂ የሆኑ አንባቢዎቻችን ደግሞ ጥቅሻውን ጨርሰው ይተዉ አንልም። ከብት በመንገድ ላይ ሲተኛ፣ ሸክም የያዙ ሴቶች በመታጠፊያው ሲሄዱ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ፣ ከፊት ለሚመጣው ወንድማቸው መብራታቸውን ቦግ እልም ያድርጉለት። እንዲህ ሲሆን ጥቅሻው እንደ ቅጠሉ የሰውን ሕይወት ያድናል።